አሮጌዋን ቮልስ ለድራግ፦ የሚበረክት ሞተር በአቅም እንዴት ይሠራል?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። አዲስ የሚገባው ኤሌክትሪክ ሆኗል። የቤንዚን ሞተር የሚወድ ሰው ግን አልጠፋም። ያለችውን አሮጌ መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል። ከእነዚህ መካከል ቮልሱን ለድራግ ማዘጋጀት የሚመኝ ወጣት አለ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ በር ላይ ቆመን ስናወራ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ስንት ብር ይበቃኛል?" እኔ ከብሩ አልጀምርም። ብሩ የት እንደሚገባ ካልታወቀ፣ ብዙም ይሁን ትንሽ፣ ሞተሩ ሳይቆይ ይነክሳል፣ ማለትም ብረት ከብረት ተጣብቆ ይቆማል። ስለዚህ መካኒክ ላልሆነ ሰው ከሥሩ እንየው።

ለመሆኑ ድራግ ምንድን ነው?

ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ። መብራት ይበራል። ቀጥ ባለ መንገድ 402 ሜትር ይሮጣሉ። ይህ ሩብ ማይል ነው። ግማሹን፣ 201 ሜትር ብቻ የሚሮጡበትም አለ። ኩርባ የለም። ከቆመበት ተነስቶ መጨረስ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው "ፈጣኑ ያሸንፋል" ብሎ ያስባል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። አነስተኛ አቅም ያላቸው ተወዳዳሪዎች በብዛት የሚገቡበት ብራኬት የሚባል ዓይነት አለ። እዚያ ሹፌሩ ከመነሳቱ በፊት "የእኔ መኪና በ18.70 ሰከንድ ትጨርሳለች" ብሎ ያስመዘግባል። ሌላው 15.20 ካለ፣ ዘገምተኛዋ በልዩነቱ ያህል ቀድማ ትለቀቃለች። ካስመዘገበው ሰዓት ፈጥኖ የገባ ሰው ይወድቃል።

ይህ ከቀጠሮ ጋር ይመሳሰላል። "ስምንት ሰዓት እመጣለሁ" ብሎ ስምንት ሰዓት የሚደርስ ሰው ያሸንፋል። ዛሬ 18.70፣ ነገ 19.40 የምትል መኪና እዚህ ቦታ የላትም። ዘገምተኛ ሆና ቃሏን የምትጠብቅ ግን ታሸንፋለች። ለዚህ ነው አስተማማኝ ሞተር ከኃይለኛ ሞተር የሚቀድመው።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የማወራው ስለ ተዘጋ ሜዳና ስለ ተፈቀደ ውድድር ነው። በሌሊት ቀለበት መንገድ ላይ መሽቀዳደም ሰው ይገድላል። እዚያ የሚሄድ ሰው ይህን ጽሑፍ እንደ ድጋፍ እንዲወስደው አልፈልግም።

ከፍታችን ሞተሩን ምን ያደርገዋል?

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። እዚህ ከተማ ሞተር የሚያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ሞተር በቤንዚን ብቻ አይሠራም። በአየር ነው የሚሠራው። ከሰል ስታቀጣጥሉ ማራገቢያውን ካቆማችሁ ፍሙ ይደክማል አይደል? ሞተርም እንደዚያ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ይሳሳል።

ውጤቱ ቀላል ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 50 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ፒያሳ ላይ ከ40 በታች ይሰጣል። ሞተሩ ታሞ አይደለም። አየሩ ነው። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 2023 ባንዲሚየር የሚባል የድራግ ሜዳ ነበር። 1,770 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ መኪኖች ሁሉ እዚያ ሲሄዱ ሰዓታቸው ይዘገይ ነበር። እኛ ከዚያ በ600 ሜትር ያህል እንበልጣለን።

ሁለተኛው ችግር ካርቡሬተሩ ነው። ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነሐስ አለች። ፋብሪካው ቀዳዳዋን የለካው ለቆላ አየር ነው። እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይሸታል፣ ቤንዚን ያልቃል፣ ጉልበት ይቀንሳል። መፍትሔው ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ነሐስ መቀየር ነው። ከዚህ የሚረክስ የፍጥነት መጨመሪያ አላውቅም።

ሦስተኛው ነገር ግን ለእኛ ጥቅም ነው። ኮምፕረሽን የሚባል ነገር አለ። የሕክምና መርፌን አፉን በጣት ዘግታችሁ ስትገፉት አየሩ ይታመቃል። ፒስተንም አየሩንና ቤንዚኑን እንዲሁ ያምቃል። ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚለካው ቁጥር የኮምፕረሽን ሬሾ ይባላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጉልበት ይጨምራል። ከመጠን ሲያልፍ ግን ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይፈነዳና ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይበሳል። በስስ አየር መጀመሪያ የገባው አየር ራሱ ትንሽ ስለሆነ፣ ከቆላ ይልቅ እዚህ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከፍታው የወሰደብንን በከፊል የምናስመልስበት መንገድ ይህ ነው።

ማስጠንቀቂያም አለው። እዚህ የተስተካከለች መኪና ድሬዳዋ ብትወርድ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ማለት ነው፣ አየሩ ይወፍራል። ቤንዚኑ ያንሳታል፣ ልታንኳኳም ትችላለች። ከመውረዷ በፊት ነሐሷም ታይሚንጉም (ካንዴላው እሳት የሚጭርበት ጊዜ) መታየት አለባቸው።

ለምን ቮልስ?

በድራግ አገር በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የሸቭሮሌ ትንሹ ቪ8 ለብዙ አሥርት ዓመታት የድሃ ተወዳዳሪ ሞተር ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። በብዛት ተሠራ፣ ዕቃው በየቦታው ተገኘ፣ የሚያውቀው መካኒክ በዛ። ርካሽ ሞተር ማለት በብዛት ያለ ሞተር ማለት ነው።

በእኛ ሰፈር ያንን የሚመስለው ቮልስ ነው። በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። የመጨረሻው ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እዚህም ብዙ አሉ፣ እጃቸው የለመደ አንጋፋ መካኒኮችም አሉ። መኪናዋ ቀላል ናት፣ 800 ኪሎ ገደማ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ስትነሳ ጎማዋ መሬቱን ይይዛል። ራዲያተር የለባትም። በካሊፎርኒያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቮልስን ለድራግ የሚያዘጋጁ ሰዎች ስለነበሩ፣ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚሰበር የታወቀ ነው።

ሞተሯ ባለ 1,200፣ 1,300፣ 1,500 ወይም 1,600 ሲሲ ነው። ለዚህ ሥራ 1,600ውን ፈልጉ። ከፋብሪካ ሲወጣ 50 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

"ሞተር ማሠራት" ሲባል ምን ምን ነው?

መጀመሪያ ስሞቹን እንወቅ። ኮሎ ማለት የፒስተኖቹን ወደላይና ወደታች መመላለስ ወደ መሽከርከር የሚቀይረው ዋናው ዘንግ ነው። ቢየላ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር ያገናኛል። ብሮንዝ ኮሎው ከቢየላውና ከሞተሩ ሣጥን ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚቀመጥ ስስ ማረፊያ ነው። ሲሊንደር ፒስተኑ የሚመላለስበት በርሜል፣ ፋሻ ደግሞ ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት ነው። ቴስታታ ከላይ የሚገጠመው፣ አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት ቫልቮች ያሉበት ክዳን ነው።

አሁን የምለውን ያዙልኝ። ሞተር የሚበረክተው በአዲስ ዕቃ ሳይሆን በልክ ነው። ኮሎውና ብሮንዙ በብረትነታቸው አይነካኩም። በመካከላቸው ስስ የዘይት ንጣፍ አለ፣ ውፍረቱ ከፀጉር ጋር የሚቀራረብ። ክፍተቱ ሲሰፋ ዘይቱ ይፈስና ግፊቱ ይወርዳል። ሲጠብ ዘይቱ አይገባም፣ ሞተሩ ይነክሳል። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። በማይክሮሜትር ብቻ ነው።

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ቮልሴን ሞተር ሳሠራ ፒስተኑም፣ ሲሊንደሩም፣ ብሮንዙም አዲስ ገባ። ሁሉም ያብረቀርቅ ነበር። የሞተሩን ቤት ማለትም ኮሎው የሚያርፍበትን ሣጥን ግን ማንም አልለካውም። የቮልስ ሣጥን ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ለስላሳ ነገር ነው። ከዓመታት በኋላ የብሮንዙ ማረፊያ ክብነቱን ያጣል። ሦስት ወር ሳይሞላ ሞተሩ ሲሞቅ፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። እንደገና ወረደ። ወጪው ሁለት ጊዜ ሆነ። ያኔ ነው ብረት የሚላጭበት ቶርኖ ቤት ከመለዋወጫ ሱቅ እንደሚቀድም የገባኝ።

ስለዚህ ሞተሩ ሲወርድ በመጀመሪያ ሣጥኑ ይለካ። ክብነቱን ካጣ በአንድ መስመር ይቦረቦርና የውጭ ልኩ ከፍ ያለ ብሮንዝ ይገባል። ኮሎው ይለካ። ከተበላ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊሜትር ይላጭና በልኩ ብሮንዝ ይገዛለታል። መጀመሪያ ብሮንዝ ገዝቶ ኮሎውን ለማስማማት መሞከር ነገሩን መገልበጥ ነው።

ቴስታታው ላይ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን አዲስ አድርጉ። ደህና ቢመስሉም። በቮልስ የቆየ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ራሱ ተቆርጦ ይወድቅና ፒስተኑን ይበሳል። አንድ ቫልቭ ላይ የተቆጠበ ብር ሙሉ ሞተር ያስወጣል።

ከዚያ የኮምፕረሽን ስሌት ይመጣል። የ1,600 አንዱ ሲሊንደር 396 ሲሲ ይይዛል። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከበላዩ የሚቀረው ቦታ፣ የቴስታታው ጎድጓዳ 50 ሲሲ፣ ከፒስተኑ አናት በላይ ያለችው 1.5 ሚሊሜትር ክፍተት 8.6 ሲሲ፣ በድምሩ 58.6 ነው እንበል። 396 እና 58.6ን ደምሩ፣ ለ58.6 አካፍሉ። 7.8 ይመጣል። ቴስታታው ተላጭቶ ጎድጓዳው 46 ቢሆን፣ ክፍተቷም 1 ሚሊሜትር ብትሆን፣ የሚቀረው 51.7 ነው። ሬሾው 8.7 ይሆናል። ለአዲስ አበባ አየር እኔ የምመርጠው እዚህ አካባቢ ነው። ክፍተቷን ከ1 ሚሊሜትር በታች ግን አታውርዷት። ብረት ሲሞቅ ይሳባል፣ ፒስተኑ ቴስታታውን ይመታል።

ጎድጓዳውን የምትለኩት በመርፌ ነው። በላዩ ትንሽ ቀዳዳ ያላት ጠፍጣፋ መስታወት ክደኑበት፣ በቀዳዳዋ ቀጭን ዘይት በመርፌ ሙሉት፣ የገባውን ቁጠሩ። አራቱም እኩል እስኪሆኑ ይስተካከል። ፒስተኖቹንና ቢየላዎቹንም መዝኑ። ለዚህ የወርቅ ቤት ሚዛን የመሰለ ነገር የለም። አንድ መካኒክ አራት ፒስተን በጨርቅ ጠቅልሎ ፒያሳ ወርቅ ቤት ሲገባ አብሬው ነበርኩ። ባለሱቁ ምንም ሳይጠይቅ አንድ በአንድ መዘነለት። ከበድ ያለው ከውስጥ በኩል በሞረድ ተስተካከለ። ክብደታቸው የተመጣጠነ ሞተር ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ብሮንዙም ዕድሜ ያገኛል።

ትልቅ ሲሊንደር ቢገባበትስ?

ይቻላል። 87 ሚሊሜትር ሲሊንደር ያለ ምንም ቡርቦራ ይገባል፣ ሞተሩ 1,641 ሲሲ ይሆናል። 90.5 ሚሊሜትር ደግሞ 1,776 ያደርገዋል። ይህ ግን ሣጥኑም ቴስታታውም እንዲቦረቦሩ ይፈልጋል።

ክብደትንና ጉልበትን ወስጄ በታወቀው የድራግ ቀመር ሳሰላው፣ በእኛ ከፍታ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ 1,600 ሩብ ማይሉን በ21 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ኮምፕረሽኑ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ካርቡሬተርና መጠነኛ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከገባለት ወደ 19 ይወርዳል። በደንብ የተሠራ 1,776 ደግሞ 17 አካባቢ ይሆናል። ይህ ግምት ነው፣ ጎማውና ሹፌሩ ይለውጡታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያሠራ ሰው የእኔ ምርጫ 1,600 ወይም 1,641 ነው። ሁለቱ ሰከንዶች ለብራኬት አያስፈልጉም።

በነፃ የሚገኝ ፍጥነትም አለ። የኋላ ወንበር፣ ትርፍ ጎማ፣ የማያስፈልግ ብረት ወጥቶ 60 ኪሎ ቢቀንስ ከሰዓቷ 0.4 ሰከንድ ያህል ይወርዳል።

ቱርቦ አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ ከፍታውን ያሸንፋል። እውነት ነው። ሙቀቱን ግን በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር አይወደውም። ሁለተኛ ሞተር ስታሠሩ አስቡበት። የቶዮታ ሞተር መግጠምም ይቻላል፣ ግን ማገናኛ፣ ራዲያተር፣ ቧንቧ ሲደመር ርካሽ መሆኑ ይቀራል።

ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ምን ይታያል?

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ሞተሩ ታጥቦ ይጠብቃችኋል። ንጽሕናው አያታልላችሁ። ከኮሎው ጫፍ ያለውን፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ በሁለት እጅ ያዙና ወደፊት ወደኋላ ግፉት። በፋብሪካ ልክ እንቅስቃሴው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው፣ እጅ ብዙም አይሰማውም። "ኳ፣ ኳ" ካለ ሣጥኑ ተበልቷል። ዋጋውን ቀንሱ ወይም ተዉት።

የኮምፕረሽን መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ነገር ልብ በሉ። መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር የቆላ ነው። ቆላ ላይ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 90 ገደማ ያሳያል። "ደክሟል" ተብሎ ያለ ጥፋቱ የተፈታ ሞተር ስንት ይሆን! ከቁጥሩ ይልቅ የአራቱን መቀራረብ እዩ። አንዱ ብቻ ከወረደ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው። ካልተለወጠ ቫልቩ ነው።

ታዲያ ብሩ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ?

መጀመሪያ ልኬትና የቶርኖ ሥራ። ቀጥሎ ብሮንዝ፣ ፋሻ፣ ቫልቭ፣ በየመጋጠሚያው ዘይት እንዳያፈስ የሚገባው ጓርኒሲዮን። እነዚህ ላይ ኦርጅናል ወይም የታወቀ ሥሪት እንጂ ኮፒ አይገዛ።

ሦስተኛ ዘይቱ። ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ የወረቀት ፊልትሮ የላትም፣ ወንፊት ብቻ ነው ያላት። ዘይቷም 2.5 ሊትር ብቻ ነው። በእኛ አቧራ ይህ አይበቃም። ዘይቱ ከፖምፓው በቧንቧ ወጥቶ በፊልትሮ አልፎ የሚመለስ መስመር አሠሩላት። ወጪው ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ብዙ።

አራተኛ ከኮሎው ሌላኛው ጫፍ ያለው ክብ ብረት፣ ፍሪሲዮን የሚያርፍበት። ከኮሎው ጋር በአራት ፒን ነው የተያያዘው። ድራግ ላይ ከቆመበት በኃይል ሲለቀቅ አራቱ ፒኖች ይበላሉ፣ ብረቱም ይላቀቃል። ጥሩ ቶርኖ ቤት ስምንት ያደርግላችኋል። ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት ይሠራ፣ በኋላ እንደገና ማውረድ ነው።

ሁለት ካርቡሬተር፣ ካምሻፍት፣ ድምፅ የሚያሳምር ማርሚታ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጡ። ሞተሩን የሚሸፍኑትን ቆርቆሮዎችና ዙሪያውን ያለውን ጎማ ደግሞ ለውበት ብላችሁ አትጣሉ። ትኩሱ አየር ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው።

ከተሠራ በኋላ የመጀመሪያው ቀን ምን ይደረጋል?

አዲስ ካምሻፍት ከገባ ሞተሩ እንደተነሳ ሚኒሞ ላይ አይተው። በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ለ20 ደቂቃ ይሥራ። ካምሻፍቱ ላይ የሚረጨው ዘይት በቂ የሚሆነው ያኔ ነው። ከዚያ ይጥፋ፣ ይቀዝቀዝ፣ ዘይቱ ይቀየር። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ የቫልቮቹ ክፍተት በ0.15 ሚሊሜትር ይስተካከል፣ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላም ይደገም። የፋብሪካው ኮሎና የቫልቭ ስፕሪንግ ካልተቀየሩ 5,000 ዙር አካባቢ ማርሽ ቀይሩ።

ሜዳ ስትወጡ ደብተር ይኑራችሁ። ሰዓቱን፣ የጎማውን ንፋስና የአየሩን ሙቀት ጻፉ። የአዲስ አበባ ጠዋት 10 ዲግሪ፣ ቀትሩ 25 ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው። ጠዋት 18.6 ሰከንድ የጨረሰች ቮልስ በዚያው ቀን ከሰዓት 18.9 ብትል ሞተሩ አልደከመም። ቀትር ላይ የምታስመዘግቡት ቁጥር 18.9 ነው።